አሥረኛው ቁና

በአይሁድ አቆጣጠር ኒሳን 24 ቀን 5785፣ ረሆቦት፣ እስራኤል

ፋሲካ ካለፈ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቤቱ ወደ እርሾው ተመልሷል፤ ልጆቹ ተኝተዋል፤ ባለቤቴ ወገቡን በትራስ ደግፎ ሶፋው ላይ አንቀላፍቷል። እኔ ወጥ ቤት ተቀምጬ ሰማያዊውን ደብተር ከፍቻለሁ። ለየወሩ አንድ መስመር አለው፦ የገባው ደመወዝ፣ ከደመወዙ አንድ አሥረኛ፣ የደረሰበት ቦታ። የተቀባይ ስም አልጽፍም፤ "ሦስተኛ ፎቅ"፣ "ልጇ የታመመባት"፣ "የሙሽራዪቱ ቤት" ብዬ አልፋለሁ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2009 ጀምሮ አንድም ወር ሳይዘለል ተጽፎበታል። የዘንድሮው የሼቫት ወር ላይ ግን መስመሩ ባዶ ነው። ዛሬ የተቀመጥኩት ስለዚህ ባዶ መስመር ልጽፍ ነው።

እዚህ አገር የሃይማኖት ሰዎች "ማዓሴር ከሳፊም" ይሉታል፤ የገንዘብ አሥራት ማለት ነው። የእህሉ አሥራት ሌላ ነው። እርሱ በኦሪት የተጻፈ፣ ከምድሪቱ ጋር የታሰረ ሕግ ነው፤ በሰባቱ ዓመት ዑደት ውስጥ በሦስተኛውና በስድስተኛው ዓመት የድሃው ድርሻ የሚሆን አሥራት አለበት። በገንዘቡ ላይ ግን ሊቃውንቱ አልተስማሙም። ከኦሪት የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ ረቢዎች የደነገጉት ነው የሚሉ አሉ፤ የከበረ ልማድ እንጂ ግዴታ አይደለም የሚሉም አሉ። ይህን ክርክር የሰማሁት ዘንድሮ ነው። እስከዚያ ድረስ የማውቀው የያዕቆብን ቃል ብቻ ነበር፤ ድንጋይ ተንተርሶ ባደረበት ቦታ፣ ከምትሰጠኝ ሁሉ ከአሥር አንዱን እሰጥሃለሁ ብሎ የተሳለውን። ይህን ሲል ከወንድሙ ሸሽቶ የወጣ፣ ከበትሩ በቀር ምንም ያልያዘ ሰው እንደነበረ ልብ ያልኩትም ዘንድሮ ነው።

አያቴ የሚያውቁት የእህሉን ነበር። ወገራ ውስጥ የሰው መሬት ያርሱ ነበር፤ ርስት አልነበረንም። አዝመራው ተወቅቶ ሲያልቅ መጀመሪያ ባለ መሬቱ ድርሻውን ያነሣል። ከዚያ አያቴ የቀረውን በቁና ይሰፍራሉ፤ ዘጠኙ ለቤት፣ አሥረኛው ለቤተ እስራኤሉ ቄስ። ቄሱም ከዚያው ላይ ለመበለቷና ጧሪ ለሌለው ሽማግሌ ያካፍላሉ። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ወጥቶ የራሳቸውን ማሳ ሲያገኙም አሰፋፈራቸው አልተለወጠም። እናቴ እንደምትለው ዘጠኙ ቁና እስከ አፉ ብቻ ነበር የሚሞላው፤ አሥረኛው ግን እስኪፈስ ይከመር ነበር። "የእኛ እስከ አፉ፣ የእግዚአብሔር እስኪፈስ" ይሉ ነበር። እኔም የመጀመሪያ ቋሚ ደመወዜን ስቀበል ያየሁት ያንን ቁና ነው። 4,130 ሼቄል ከደረሰኝ 413 አላልኩም፤ 420 አልኩ። እስኪፈስ።

አሁን ወደ ችግሩ ልምጣ። ይህን ቤት በ2021 ስንገዛ 600,000 ሼቄል ማሽካንታ፣ የቤት ብድር፣ ወሰድን። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የእስራኤል ባንክ ከቤት ብድር እስከ ሁለት ሦስተኛው ድረስ "ፕራይም" በሚባለው ተለዋዋጭ ወለድ መውሰድን ፈቅዶ ነበር፤ የባንኩ ወለድ ደግሞ 0.1 በመቶ ብቻ ነበር። እኛም እንደ ብዙው ሰው ሁለቱን እጅ በፕራይም ወሰድን። በወር 2,500 ያህል እንከፍል ነበር። ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ ወለዱ መውጣት ያዘ፤ በግንቦት 2023 4.75 ላይ ደረሰ። ክፍያችን 3,400 ሆነ። ቤቱ አልሰፋ፣ መስኮት አልተጨመረበት፣ እኛም አልበዛን፤ በየወሩ 900 ሼቄል ብቻ ወጥቶ ይሄዳል። ቢሆንም ሁለት ደመወዝ ነበረንና ቻልነው።

ባለፈው ኅዳር፣ በስግድ በዓላችን ሰሞን፣ ባለቤቴ ከጭነት መኪና ላይ ዕቃ ሲያወርድ ወገቡ ተጎዳ። ሐኪሙ ለስድስት ወር ሥራ ከለከለው። የካሳው ጉዳይ ገና ወረቀት ላይ ነበር። እኔ አረጋውያንን በማስታምምበት ቤት የምሠራው ከእጄ ሲገባ 5,500 ሼቄል ገደማ ነው። ከዚያ ላይ ማሽካንታው ሲነሣ 2,100 ይቀራል፤ መብራት፣ ውኃ፣ አርኖና የሚሉት የከተማው ግብር፣ የሕንፃው መዋጮ፣ የሦስት ልጆች አፍ፣ የእናቴ መድኃኒት፣ ጎንደር ተቀምጣ ወደ እስራኤል የመምጣት ተራዋን ለምትጠብቀው ለባለቤቴ እህት የምንልከው 400። በጥር ወር ደግሞ የተጨማሪ እሴት ታክሱ ከ17 ወደ 18 በመቶ ከፍ አለ። አንድ በመቶ ምን አላት ይባል ይሆናል። ሳንቲም በሚቆጠርበት ቤት አላት።

ከሼቫት በፊት ባሉት ሁለት ወሮች፣ በኪስሌቭም በቴቬትም፣ 550 አወጣሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ሒሳባችን ሚኑስ ውስጥ፣ ከዜሮ በታች፣ ገብቶ ነበር፤ ባንኩ በየቀኑ ወለድ ይቆጥርብናል፤ እኔ ግን በወሩ አሥረኛ ቀን ፖስታውን አዘጋጅቼ በር ሥር አሾልካለሁ። አንድ ማታ ባለቤቴ ደብተሩን አገኘው።

"ይህን ገንዘብ ከየት አመጣሽው?"

"ከደመወዜ።"

"ደመወዝሽ በገባ በሦስተኛው ቀን አለቀ። ይህ የባንክ ገንዘብ ነው። ከባንክ ተበድረሽ ነው የምትመጸውቺው።"

አልመለስኩለትም።

"አሥራት ከበረከት ላይ ይወጣል። ከዕዳ ላይ የሚወጣ አሥራት ሰምቼ አላውቅም" አለና ደብተሩን ዘግቶ አስቀመጠው።

ሌሊቱን ሙሉ ተናድጄ አደርኩ። የተናደድኩት ስለ ተሳሳተ አልነበረም። ትክክል ስለ ነበረ ነው። እኔ ግን ፖስታውን በር ሥር ባሾለክሁ ቁጥር ለራሴ የምነግረው ነገር ነበረኝ፦ ገና አልደኸየሁም። ሰጪ ነኝ። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት፣ ለእግሬ ጫማ ሳይኖረኝ አውሮፕላን ላይ የወጣሁ ልጅ፣ ለዓመታት የለበስኩት ሁሉ ሰው የሰጠኝ ልብስ የነበረ፣ ዛሬ ሰጪ ነኝ። ያንን ከእጄ ሲነጥቀኝ ያየሁ መሰለኝ።

አንድ ነገር ልናገር፤ ብዙ ሰው ላይስማማኝ ይችላል። ምኵራብ ውስጥ አሥራት ስጡ ሲባል ሁልጊዜ አንድ ስብከት ይከተለዋል፦ ሀብታም እንድትሆን አሥራት አውጣ። ታልሙድ በሚባለው የጥንት ሊቃውንት መጽሐፍ ውስጥ ረቢ ዮሐናን ተናግረውታል፤ በዕብራይስጥ አሥራት ማውጣትና ባለጠጋ መሆን ድምፃቸው ስለሚመሳሰል ቃሉ ለጆሮ ይጥማል። ነቢዩ ሚልክያስም አሥራቱን ወደ ጎተራ አግቡና የሰማይን መስኮት ባልከፍት ፈትኑኝ የሚለውን የእግዚአብሔርን ቃል ጽፏል። በቃሉ ላይ ክፉ አልናገርም። ነገር ግን አያቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ አሥረኛውን ቁና ከመሩ፤ ባለጠግነት የሚባል ነገር አንድ ቀን ደጃቸውን አልረገጠም። ለጎደለበት ሰው "ስጥ፣ ታገኛለህ" ብሎ መስበክ በጎደለበት ላይ ጥርጣሬ መጨመር ነው። ሳያገኝ ሲቀር አሰጣጡን ይመረምራል፤ እኔም መርምሬያለሁ። በየትኛው ወር አጉድዬ ይሆን ብዬ የአሥራ አምስት ዓመት መስመር በካልኩሌተር ደምሬያለሁ። አንድም ወር አልጎደለም።

በማግሥቱ የሰፈራችንን ረቢ ልጠይቅ ሄድኩ። ወላጆቹ ከጎንደር ናቸው፤ እርሱ ግን እዚሁ ተወልዶ ያደገ ነው፤ በዕድሜ እበልጠዋለሁ። "አንቺ" ይለኛል። ዕብራይስጥ አንቱታ የለውምና ቅር አይለኝም፤ እኔ ግን "እርስዎ" እለዋለሁ፤ ለያዘው መጽሐፍ ስል።

ሁሉንም ነገርኩት፤ ቁጥሮቹን ሳይቀር። ከመደርደሪያው ሹልሐን ዓሩኽን አወረደ፤ ረቢ ዮሴፍ ካሮ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያዘጋጁትን የሕግ መጽሐፍ። የክራኮው ረቢ ሞሼ ኢሰርሊስ ያከሉበትን ጣቱን እያስኬደ በአማርኛ ሊተረጉምልኝ ሞከረ፤ ሲያቅተው ወደ ዕብራይስጥ ይመለሳል። የራስ መተዳደሪያ ከማንም ይቀድማል ይላል። ሰው የራሱን ኑሮ ሳያቆም ለሌላ የመስጠት ግዴታ የለበትም። ከራስ በኋላ ወላጆች፣ ከዚያ ልጆች፣ ከዚያ ወንድምና እህት፣ ከዚያ ሌላው ዘመድ፣ ከዚያ ጎረቤት፣ ከዚያ የከተማው ሰው፣ ከዚያ የሌላ ከተማ።

"ለጎንደር የምትልኩት 400 ምንድን ነው?" አለኝ።

"እርሱማ የቤተሰብ ነው እንጂ አሥራት አይደለም።"

"ማን አለሽ? እህቱ ድሃ ናት?"

"ድሃ ናት።"

"እንግዲያው ከሦስተኛ ፎቅ ትቀድማለች።"

ደነገጥኩ። በደብተሬ ላይ ያልጻፍኩት፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በላይ የላክነው ገንዘብ ሁሉ አሥራት ሊሆን ይችል ነበር ማለት ነው። እኛ ዘንድ ለዘመድ መላክ ምጽዋት አይባልም፤ እንዲያ ብለን ብንጠራው ተቀባዩ ያዝናል። ሕጉ ግን እንደ እኛ አላፈረም። ስለ እናቴ መድኃኒትም ጠየቅኩት። ሲኖርሽ ከአሥራቱ ላይ አትንኪ አለኝ፤ አቅም እያለው ወላጁን በድሃ ገንዘብ የሚጦርን ሰው ሊቃውንቱ ረግመዋል። ሳይኖርሽ ሲቀር ግን ከድሃ ሁሉ እርሷ ትቀድማለች።

ከዚያ ያላሰብኩት መጣ። አሥራቱን ስትጀምሪ "ብሊ ኔዴር" ብለሻል ወይ አለኝ፤ ያለ ስለት ማለት ነው። አላልኩም። በጎ ነገር ደጋግሞ እንደ ቋሚ ልማድ የያዘ ሰው፣ ያለ ስለት መሆኑን ካልተናገረ፣ እንደ ተሳለ ይቆጠርበታል። ስለዚህ ዝም ብለሽ ማቆም አትችዪም፤ በሦስት ሰዎች ፊት መፈታት አለብሽ አለኝ።

ስለት እኛ ዘንድ ምን እንደ ሆነ የአገሬ ሰው ያውቃል። ይከፈላል እንጂ አይፈታም። እናቴ የተሳለችው በግ ሳይደርስ ቢታመም እንኳ ሌላ በግ ትገዛለች እንጂ ለማንም ሄዳ አማልዱኝ አትልም። ሆኖም በሳምንቱ ከማታ ጸሎት በኋላ ሄድኩ። ረቢውና ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ከመጻሕፍቱ ሥር በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ወለሉ ታጥቦ ገና አልደረቀም፤ ጫማዬ ይንጫጫል። አንደኛው ሽማግሌ ጠየቁኝ፦

"ያኔ እንዲህ ያለ ቀን እንደሚመጣ ብታውቂ ኖሮ በራስሽ ላይ ታስሪው ነበር?"

መልሱ "አላስርም ነበር" መሆን ነበረበት፤ አለበለዚያ አይፈታም። አፌን ከፈትኩ፣ ቃሉ አልወጣም። በሰጠሁት አልተጸጸትኩም። እንዴት ተጸጸትኩ ልበል? ሽማግሌው ቸኩለው አልገፉኝም። ረቢው ዝግ ብሎ አስረዳኝ፦ በመስጠትሽ ተጸጸትኩ በዪ አላልንም፤ እርሱማ በጎ ሥራ ነው፤ የምትጸጸቺው በስለት መንገድ በመያዝሽ ነው፤ "ያለ ስለት" ሳትዪ በመቅረትሽ። ያንን ማለት ቻልኩ። ሦስቱም በአንድነት "የተፈታ ይሁንልሽ" አሉኝ፤ ሦስት ጊዜ።

መንገድ ላይ ቀሎኛል ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ። አልቀለለኝም። ቤት ስገባ ባለቤቴ "እንዴት ሆነ?" አለኝ፤ "ፈቱኝ" ብዬ ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ።

ሼቫት ባዶ ያለፈው እንዲህ ነው። ሕጉ ነጻ አውጥቶኛል፤ ባንኩ እንኳ ትንሽ ተነፈሰ። እኔ ግን ደረጃ ላይ የሦስተኛ ፎቋን አሮጊት ሳገኝ ዓይኔን እሰብራለሁ። ቡኻራዊት፣ የመካከለኛው እስያ አይሁዳዊት ናት፤ ፖስታውን ማን እንደሚያሾልክ አታውቅም። ማንም አልወቀሰኝም፤ የሚያውቅም የለም። ነገር ግን በየወሩ አሥረኛ ቀን እጄ መሳቢያ ይከፍታል፣ ፖስታ ያወጣል፣ መልሶ ያስገባል።

ይህን ያየችው እናቴ ናት። አንድ ቀን ምስር እየለቀመች፣ ቀና ሳትል፣ "አያትሽ አዲስ አበባ ምን ያደርጉ እንደነበር ታስታውሻለሽ?" አለችኝ። አላስታወስኩም፤ ልጅ ነበርኩ። በ1982 ዓ.ም. መጨረሻ አካባቢ ከወገራ ወርደን አዲስ አበባ አንዲት ክፍል ተከራይተን ተራችንን እንጠብቅ ነበር። ከብቱም እህሉም ቀርቷል። የምንኖረው የአይሁድ ረድኤት ድርጅቶች በየወሩ ለየቤተሰቡ በሚሰጡት ብር ነበር። አያቴ ብሩን ሲቀበሉ እንደ ቁናው ይቆጥሩታል። አሥረኛውን ይዘው ይወጡና በመንገዱ ጥግ ለምትቀመጥ ዓይነ ስውር ሴት ይሰጣሉ። የእኛ ወገን አልነበረችም። እናቴ አንድ ቀን ተቆጣቻቸው፦ "አባቴ፣ ይህ እኮ የእርዳታ ብር ነው። እርዳታ አሥራት የለውም። ልጆቹስ?"

"ከተሰጠኝ የእኔ ነው" አሏት። "የእኔ ከሆነ ደግሞ አሥረኛው የእኔ አይደለም።"

አያቴ ወደ እስራኤል የተጓዝንበትን ቀን አላዩትም። ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ሲጫን እርሳቸው ካረፉ ወራት አልፎ ነበር፤ መቃብራቸው እዚያው ቀርቷል።

ይህን ለረቢው ነገርኩት። ፀጥ አለ፤ ከዚያ ሌላ መጽሐፍ አወረደ። ታልሙድ ውስጥ ማር ዙትራ የሚባሉ ሊቅ፣ በምጽዋት የሚኖር ድሃ እንኳ ምጽዋት ያደርጋል ብለዋል፤ ሹልሐን ዓሩኽም ሕግ አድርጎ ጽፎታል። ትንሹ ልክ በዓመት የሰቅል ሲሶ ነው፤ ከዚያ በታች ማንም አይወርድም። አያትሽ ታልሙድ ተምረው ነበር ወይ አለኝ። የእኛ ሰዎች ታልሙድ በእጃቸው አልነበረም፤ በግዕዝ የተጻፈ ኦሪት ነበራቸው። ያንን ስነግረው መጽሐፉን እንደ ያዘ ቆመ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም የዚያን ዕለት ነው የሳቅኩት፤ ከወራት በኋላ።

ለካ እኔ የያዝኩት አሥራትን ብቻ አልነበረም፤ 550ንም ይዤ ነበር። ቁጥሩን ክብሬ አድርጌው ነበር። ሕጉ ቁጥሩን ሲያነሣልኝ እጄንም አብሮ የቆረጠብኝ መሰለኝ፤ እጄን ግን ማንም አልነካውም። ለፑሪም በዓል ሁለት የአሥር ሼቄል ሳንቲሞች ይዤ ወጣሁ፤ በዚያ ቀን ድሃም ቢሆን ለሁለት ድሆች የመስጠት ግዴታ አለበትና። በዋዜማው የግማሽ ሰቅል መታሰቢያ ላይም ኦሪት ስለ ቆጠራው የሚለውን አነበቡ፦ ባለጠጋው አያብዛ፣ ድሃው አያጉድል። ያንን ቃል ስንት ዓመት ሰምቼ አልፌዋለሁ።

በአዳር ሌላ ነገርም ሆነ። ዕቁብ አለን፤ አሥር ሴቶች ነን፣ በወር 300 ሼቄል። ዕጣው ሊወጣ ሲል ሰብሳቢያችን "የዘንድሮው የመጀመሪያ ለእርሷ ይሁን" አለች፤ ማንም ለምን አላለም። 3,000 ሼቄል ተሸክሜ ወጣሁ፤ ከሚኑስ ያወጣኝ እርሱ ነው። ራምባም የሚባለው የመካከለኛው ዘመን ሊቅ፣ ሙሴ ወልደ ማይሞን፣ የምጽዋትን ደረጃ ስምንት አድርጎ ሲቆጥር ከሁሉ በላይ ያስቀመጠው ሰውዬው የሰው እጅ ከማየቱ በፊት በብድር፣ በሽርክና ወይም በሥራ ማቆምን ነው። የእኛ ሴቶች ይህን አላነበቡም። ዕቁብ ይሉታል።

ከባዱ ግን ኒሳን ላይ መጣ። "ቂምሐ ደፒስሓ" ይባላል፤ ቃሉ አራማይክ ነው፣ የፋሲካ ዱቄት ማለት። ከበዓሉ በፊት ለችግረኛ ቤተሰብ የምግብ ካርቶን ይታደላል። ሰባት ዓመት ያህል ከሚያሽጉት አንዷ ነበርኩ፤ ዘይቱ ከታች፣ ማጻው፣ የፋሲካው ቂጣ፣ ከላይ እንዳይሰበር። ዘንድሮ ስሜ በተቀባዮች ዝርዝር ውስጥ መሆኑን በስልክ ነገሩኝ። አልፈልግም ልል ነበር። ባለቤቴ ከሶፋው ላይ እጁን ዘርግቶ ስልኩን ተቀበለኝና "ትመጣለች" አለ።

በረድፉ ቆምኩ። ከጠረጴዛው ማዶ አብራኝ ስታሽግ የኖረችው ሴት ነበረች። አየችኝ። ወዲያው ወደ ኋላዋ ዞራ "ፕላስተሩ የት ሄደ?" እያለች መፈለግ ጀመረች፤ ፕላስተሩ እጇ ላይ ነበር። ካርቶኑን ሌላ ሰው አቀበለኝ። በሕይወቴ ከተሰጡኝ ስጦታዎች አንዱ ያቺ መዞር ናት።

ቤት ስደርስ ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ ዘርግፌ ቆጠርኩ። ማጻ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ የወይን ጭማቂ፣ ድንች፣ ቡና፤ ሃያ ዕቃ ነበር። አንድ ፓኬት ማጻና አንድ ጠርሙስ ዘይት ለየሁ። ባለቤቴ ያያል። ከዕዳ ላይ ነው አላለኝም። ቆይቶ "ድንቹንም ጨምሪላት፣ ያቺ ሴት ድንች ትወዳለች" አለኝ። ሦስት ድንች ጨመርኩ። ከሃያው ሁለቱ፣ አንድ አሥረኛ ነው፤ ድንቹ ክምሩ ነው።

የባለቤቴ ካሳ ከሰሞኑ በትንሹ መግባት ጀምሯል። ጎንደር የምንልከውን ከእንግዲህ በደብተሩ ላይ ጽፈዋለሁ፤ ለእርሷ ግን አልነግራትም። የኒሳንን መስመር አሁን ሞላሁ፦ "የተቀበልኩት 20፤ የወጣ 2፤ ሦስተኛ ፎቅ።" የሼቫትን ባዶውን ተውኩት። ቀጥሎ ለኢያር አዲስ መስመር አሰመርኩ፤ ደመወዝ በ9 ይገባል። መጠኑን አልጻፍኩም። በመስመሩ አናት ላይ ግን በደቃቅ ፊደል "ብሊ ኔዴር" ብዬ ጽፌያለሁ።